ማገጥ አረም የሆነበት ዘመን

የነገሥታቱና የጦር ሜዳው ታሪክ ገና ተጽፎ ሳያልቅ ሣር ደግሞ ምን ታሪክ አለው ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ባላባት ያለበት፣ ወራሪ ያለበት፣ ከአውሮፕላን መርዝ የዘነበበት፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤት የደረሰ ታሪክ ነው። የምናወራው ስለ አሜሪካ የግቢ ሣር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በማሽን ስለሚታጨደው፣ አንድም አበባ እንዳይታይበት ስለሚጠበቀው አረንጓዴ ምንጣፍ። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት በሳተላይት ምስል እየታገዘ ስፋቱን ወደ 160 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገምቶታል። የአማራ ክልልን የሚያህል ሣር ማለት ነው! (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው እንነሳ። አጭር ሣር ድሮ የሀብታም ምልክት ነበር። የሚያጭዱ ብዙ ሠራተኞች ወይም የሚግጡ በጎች ስለሚያስፈልጉ የአውሮፓ ባላባት ካልሆነ ማንም አይችለውም። ይህን የለወጠው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በዲንግ በስትራውድ አካባቢ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካዎች የጨርቁን ፀጉር የሚከረክሙበትን ማሽን ያውቅ ነበርና ሐሳቡን ወደ ሣር አዞረው። በ1830 የሣር ማጨጃ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ። የባላባቱ ምንጣፍም ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ግቢ ወረደ።

ልብ በሉ፣ ያኔ ሣሩ ሣር ብቻ አልነበረም። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ አሜሪካዊው ለግቢው በሚገዛው የዘር ድብልቅ ውስጥ ፈረንጆች ክሎቨር የሚሉት፣ የኛው ማገጥ ዘመድ የሆነው ባለ ነጭ አበባ ተክል ይገኝ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ማገጥ በሥሩ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን ይወስድና አፈሩን ያዳብራል። ባቄላና ሽምብራ እያፈራረቀ የሚዘራ ገበሬ የሚያውቀው ጥበብ ነው። አበባው ደግሞ ለንብ ቀለብ ነው። ሣሩ ማዳበሪያ፣ ንቧ ምግብ ታገኛለች፤ ባለቤቱም ኪሱ አይጎዳም።

ከዚያ 1945 መጣ። በጦርነቱ ዘመን ምርምር የተገኘው ፀረ አረም ቱ ፎር ዲ ገበያ ላይ ዋለ። ገበሬዎቻችን በስንዴና በጤፍ ማሳ የሚያውቁት ያው መድኃኒት ነው። ሥራው ቅጠለ ሰፊውን ገድሎ ሣርን መተው ነው። ችግሩ ማገጥም ቅጠለ ሰፊ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ታዲያ ምን ተደረገ? መድኃኒቱን ከመተው ይልቅ የተክሉን ስም መለወጥ ቀለለ። ትናንት ገንዘብ ተከፍሎበት ይዘራ የነበረው ማገጥ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ "አረም" ተብሎ ተመዘገበ። እሱ ሲጠፋ ናይትሮጅኑም ጠፋ፤ የጠፋውን ለመተካት ማዳበሪያ በከረጢት መግዛት ግድ ሆነ። ከዚህ የተሻለ ንግድ ከየት ይገኛል?

ዘመኑም አገዘ። በ1947 ኒው ዮርክ አቅራቢያ መገንባት በጀመረው ሌቪታውን በተባለው የመኖሪያ መንደር ነዋሪው ሣሩን በየሳምንቱ የማጨድ ግዴታ ነበረበት። በየሳምንቱ የሚታጨድ ሣር ላይ አበባ የመፍካት ዕድሉ ትንሽ ነው። ግቢው ለዓይን አረንጓዴ ሆነ፤ ለንብ ግን ከበረሃ ብዙም አይሻልም።

አሁን ወደ ወራሪው እንምጣ። የጃፓን ጥንዚዛ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው በ1916 ኒው ጀርሲ፣ ሪቨርተን አካባቢ ነው። እጩ ከመሬት በታች የሣር ሥር ይበላል፤ ጥንዚዛው ሲያድግ የጽጌረዳና የፍራፍሬ ዛፍ ቅጠል ያነዳል። የጊዜው ባለሙያዎች የወሰዱት መፍትሔ የሚያስደንቅ ነው። በ1920ዎቹ ወደ ጃፓን፣ ኮሪያና ቻይና ሄደው የጥንዚዛዋን የተፈጥሮ ጠላቶች አመጡ። ከነዚህ አንዷ ቲፊያ የምትባል ትንሽ ተርብ ናት። ሴቷ መሬት ሰርስራ ገብታ እጩን ትነድፋለች፣ ላዩ ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ልጇም እጩን እየበላ ያድጋል። እጩን የሚገድል የባክቴሪያ በሽታም ተገኘ። እነዚህ ወታደሮች ቀለብም ደመወዝም አይጠይቁም። ጉድለታቸው አንድ ነው፤ ዝግተኛ ናቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ትዕግሥት ያለው ጠፋ። በ1959 መከር ወቅት በዲትሮይት ዙሪያ ባሉ መንደሮችና በአካባቢው፣ ወደ 11 ሺህ ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ፣ አልድሪን የተባለ ብርቱ መርዝ በአውሮፕላን ተረጨ። ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው "ሳይለንት ስፕሪንግ" መጽሐፍ እንደዘገበችው የመርዙ ጠጠሮች ጣሪያና አሸንዳ ላይ ሁሉ ወደቁ፤ ባለሥልጣናቱ "ጉዳት የለውም" ሲሉ ወፎች ግን እየሞቱ ይገኙ ነበር። አብዛኛው የአልድሪን አጠቃቀም በ1974 ታገደ።

የወፎቹን ሬሳ ሰው አየው። ሣሩ ውስጥ የሞቱትን ጉንዳኖች ማን ቆጠራቸው? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ከያዙት መካከል የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ፖተርና ባልደረቦቹ ይገኛሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባደረጓቸው ጥናቶች ጉንዳን፣ ሸረሪትና ሥጋ በል ጥንዚዛዎች የተባዮችን እንቁላል እየለቀሙ እንደሚበሉ አሳዩ። ጉንዳኖች የጃፓን ጥንዚዛንም ሆነ የቆራጭ ትልን እንቁላል ይወስዳሉ። ፀረ ተባይ አንድ ጊዜ ሲረጭ ግን የነዚህ ጠባቂዎች ቁጥር ለሳምንታት ያሽቆለቁላል፤ የተባዩ እንቁላልም የሚበላው አጥቶ በሰላም ይፈለፈላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው። ዘበኛህን ገድለህ ሌባ ስትፈራ ማደር!

በ1990ዎቹ አዲስ ትውልድ መድኃኒት መጣ። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድ ያሉት ለሰውና ለወፍ ከአሮጌዎቹ ይሻላሉ ተባለላቸው። ነገር ግን ተክሉ በሥሩ ስለሚስባቸው እስከ አበባው ማር ድረስ ይደርሳሉ። የእነ ፖተር ቡድን በ2013 ባወጣው ጥናት፣ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ክሎቲያኒዲን ማገጥ ባበበበት ሣር ላይ ሲረጭ፣ እዚያ የቀሰሙ ባለ ፀጉር ትላልቅ ንቦች መንጋ አዲስ ንግሥት ሳያወጣ ቀረ። ንግሥት የለም ማለት የከርሞ መንጋ የለም ማለት ነው። ሣሩ ታጭዶ መርዝ የነካው አበባ ሲወገድና አዲስ ሲያብብ ግን ጉዳቱ አልታየም። ሌላ ዓይነት መድኃኒት በተረጨበት ሣር ላይ የነበሩት መንጎችም ደህና አደጉ። ስለዚህ ምን እንደሚረጭና መቼ እንደሚረጭ ለንቧ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ማጨዱስ? በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በ16 ግቢዎች ላይ የተደረገና በ2018 የወጣ ጥናት በየሳምንቱ፣ በየሁለት ሳምንቱና በየሦስት ሳምንቱ የሚታጨዱ ሣሮችን አወዳደረ። በየሦስት ሳምንቱ የሚታጨደው እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል የሚደርስ አበባ ነበረው፤ ንብ በብዛት የተገኘው ግን በየሁለት ሳምንቱ በሚታጨደው ላይ ነው። እነሆ ምንም ወጪ የሌለው፣ እንዲያውም ስንፍናን ምግባር የሚያደርግ መፍትሔ!

"ልጆቼ በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ሣር ላይ ንብ አልፈልግም" የሚል ወላጅ ይኖራል። አይፈረድበትም። ልጆች የሚጫወቱበትን አጭር አድርጎ ዳር ዳሩን ለማገጥ መተው ይቻላል። ግን ያው ወላጅ ልጆቹ መርዝ ላይ እንዲንከባለሉም አይፈልግም። ታሪኩን ፍርድ ቤት ያደረሰውም ከንቦቹ ጋር ይኸው የልጆች ጤና ነው። በሜሪላንድ ታኮማ ፓርክ በ2013፣ ሲልቨር ስፕሪንግን የያዘው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ በ2015 አብዛኞቹን ሰው ሠራሽ ፀረ ተባዮች ከግቢ ሣር ላይ የሚከለክል ሕግ አወጡ። የካውንቲውን ሕግ በ2017 አንድ ዳኛ ሻሩት፤ በ2019 የይግባኝ ፍርድ ቤት መለሰው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ካውንቲ ነውና ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሣር ተንከባካቢ ድርጅት የሚቀጥሩ ወገኖች ምን እንደሚረጭ መጠየቅ መብታቸው ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር እንያዝ። ማገጥ በ1945 የነበረው ማገጥ ነው፤ ቅጠሉም አበባውም አልተለወጠም። የተለወጠው እኛ የሰጠነው ስም ነው። አረም ያሰኘው አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ከሆነ፣ ጠርሙሱን ያስቀመጠ ሰው የድሮ ስሙን ሊመልስለት ይችላል።