ጨረርና የመገጣጠሚያ ሕመም፦ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ

የዛሬው ንግግራችን በተለይ ጉልበታችሁንና የእጅ ጣቶቻችሁን ለሚያማችሁ እናቶችና አባቶች ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች «እዚህ ለጉልበት ጨረር ይሰጣል» ብለው ይደውላሉ። እኛም ዘንድ «ራጅ ተነስቼ ለቀቀኝ» የሚል አይጠፋም። እውነቱ ምንድን ነው? ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1895 ቪልሄልም ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ሥጋን አልፎ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘ። ዛሬ ራጅ የምንለው ይኸው ነው። ሮንትገን በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘ። ሐኪሞች ግን ፎቶ በማንሳት ብቻ አልቆሙም። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ጨረሩን በሚያም መገጣጠሚያ ላይ ሞከሩት። አንዳንድ ሕሙማን ሕመሙ ቀለለላቸው። በዚያ ዘመን ሌላ መድኃኒት ጥቂት ስለነበር ሕክምናው በብዙ አገር ተስፋፋ።

ጉዳቱ የታየው ዘግይቶ ነው። በብሪታንያ አከርካሪን የሚያደርቅ የመገጣጠሚያ በሽታ የያዛቸው ከ13,000 በላይ ሰዎች ጀርባቸው ላይ ጨረር ወስደው ነበር። ኮርት ብራውንና ሪቻርድ ዶል የተባሉ ሐኪሞች መዝገባቸውን አገላብጠው በ1957 ውጤቱን አወጡ፤ የደም ካንሰር በእነዚህ ሰዎች ላይ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ በዝቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሕክምናው በብዙ አገሮች እየቀረ ሄደ። ጀርመን ግን መጠኑን ዝቅ አድርጋ ቀጠለችበት።

ጨረር የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ነው። ለካንሰር ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 ግሬይ ይሰጣል። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ግን በጠቅላላው ከ3 እስከ 6 ግሬይ ነው፤ እሱም በአንድ ቀን ሳይሆን ተከፋፍሎ ነው። ይህ ትንሽ መጠን የመገጣጠሚያውን ብግነት ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል። ያለቀውን ልስልስ አጥንት ግን አይመልስም። ከጨረር የሚመጣ ካንሰር ብዙ ዓመት ቆይቶ ስለሚታይ፣ ሕክምናው በአብዛኛው የሚታሰበው በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ነው።

ታዲያ ይሠራል? ለማወቅ ሕሙማን በዕጣ ይከፈላሉ። ግማሹ እውነተኛ ጨረር፣ ግማሹ የማስመሰል ሕክምና ይሰጠዋል፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ አይነገርም። በ2018 እና በ2019 የወጡ ሁለት የሆላንድ ጥናቶች፣ አንዱ በእጅ አንዱ በጉልበት ላይ፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። በ2025 ይፋ የሆነ የኮሪያ ጥናት ግን ጉልበታቸውን መጠነኛ ሕመም በሚያማቸው 114 ሰዎች ላይ ተደርጎ፣ 3 ግሬይ ከወሰዱት ከ100 ሰው 70 ያህሉ ተሻላቸው። የማስመሰል ሕክምና ከወሰዱትም ከ100 ሰው 42 ያህሉ ተሽሏቸዋል!

ይህችን የመጨረሻ ቁጥር ልብ በሉ። የመገጣጠሚያ ሕመም ይመጣል፣ ይሄዳል፤ የታከመ ሰውም ተስፋ ያገኛል። ራጅ ተነስቶ የተሻለው ሰው አልዋሸም፤ ያሻለው ግን ራጁ አይደለም። ራጅ ፎቶ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለፎቶ የሚለቀቀው ጨረርም ለሕክምና ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ እማማ፣ አባባ፣ «በጨረር አድንዎታለሁ» ለሚል ሰው ብለው ራሽንዎን አይሽጡ፣ ልጆችዎንም ዕዳ ውስጥ አያስገቡ። በአካባቢያችን ያሉት የጨረር ማሽኖች ጥቂት ናቸው፤ ለካንሰር ሕሙማንም አልበቁም። እጃችን ላይ ያለው ይህ ነው፦

• በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፤ እስከ አምስት ቆጥረው ያውርዱ። በየእግሩ አሥር ጊዜ፣ በየቀኑ ያድርጉት።
• ምርኩዝዎን ከሚያመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዙ።
• ዲክሎፌናክም ሆነ ፕሬድኒሶሎን ከሱቅ ገዝተው አይዋጡ። ጨጓራን፣ ኩላሊትንና የደም ግፊትን ይጎዳሉ። ክሊኒክ መጥተው ይጠይቁ።
• መገጣጠሚያው በድንገት ካበጠ፣ ከጋለ፣ ትኩሳትም ካለ፣ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይምጡ።

ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ ይህን አንብቡላቸው።