ከማር ገንቦ እስከ ስኳር ኩፖን

የድሮ ጣፋጭ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠራው ሰው ነው። አጥሚቱን ያማሰለች አክስት፣ የማሩን ገንቦ የቆለፈች አያት፣ ከገጠር ሲመጣ ጥንቅሽ በትከሻው ተሸክሞ የሚገባ አጎት። ምክንያቱም ጣፋጭ ከምግብ በኋላ በየቀኑ የሚቀርብ ነገር አልነበረም፤ የአራስ፣ የበሽተኛ፣ የመንገደኛና የልጅ ድርሻ ነበር። የማር ገንቦ የሚከፈተው በቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ሲሆን ነው።

ማር ግን ሁልጊዜ የባላገሩ አልነበረም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ የማር ጠጅ ደጋግሞ ይነሣል። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ለጠጁ የሚሆነውን ማር ገባሩ በጉንዶ እየሰፈረ ለጌታው ሲያስገባ ኖሯል። ንቡን የሚያነባው ገበሬ ነው፤ ማሩ የሚወርደው ወደ ጌታው ጠጅ ቤት። በጥቅምትና በኅዳር ማር ሲቆረጥ ለቤት የምትተርፈው ጥቂቷ ጓዳ ትገባና ቁልፏ በሴት አያት ቀሚስ ጫፍ ይቋጠራል። ልጅ ከነሰፈፉ አንዴ ቢደርሰው ሰሙን እስኪደክመው ያኝካል። አያቴ ማር የምትሰጠን ጉሮሮ ሲያመን ብቻ ስለነበር በቤታችን ጉሮሮ የማያመው ልጅ አልነበረም።

የቀረው ሁሉ ከእህል ይወጣል። ለአራስ የአጃ ወይም የገብስ አጥሚት በማርና በቅቤ ይማሰላል። ቀጠን ብሎ መፍላት አለበት፤ ከወፈረ ገንፎ ይሆናልና አማሳይዋ ከእሳቱ አትርቅም። ሑዳዴ ሲገባ ቅቤውና ወተቱ ለ55 ቀን ይቀራል፤ ማሩ ግን አልተከለከለም። ያኔ ተልባ ተራውን ይይዛል፦ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ማር ይገባበታል። ከቤተ ክርስቲያን ዘግይቶ የገባ ጾመኛ መጀመሪያ አፉ የሚያደርሰው እሱን ነው። ኑግ ደግሞ ተቆልቶ ሲወቀጥ ሽታው ጎረቤት ድረስ ይሄዳል፤ ዘይት እስኪያወጣ ተወቅጦ የሚሠራውን ልጥልጥ ያልቀመሰ ሰው ምን እንደቀረበት ማስረዳት ይከብዳል።

በሶ የስንቅ ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ሳይበላሽ ብዙ ስለሚቆይና ውሃ ከተገኘ እሳት ስለማይፈልግ ዘማቹም ነጋዴውም ይዞት ይጓዝ ነበር። በአርሲና በሸዋ ያው የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ልጇን ለትምህርት ራቅ ወዳለ ከተማ የምትልክ እናት እሱን ጠቅጥቃ ትቋጥርለታለች። የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ የኖረ ሰው በሶ በስኳር የበጠበጠበት ኩባያ አይጠፋውም። የውጭ አገር ዘመድ ሻንጣም እስካሁን ያለ በሶ አይዘጋም።

የልጅ ድርሻ ጥንቅሽ ነበር። ከማሽላ ዘር የሆነ፣ አገዳው የሚመጠጥ ተክል ነው፤ በወሎና በሰሜን ሸዋ ገበሬው ከማሳው ዳር ጥቂት ይዘራል። ከሸንኮራ ይልቅ ቀጭን ነው፤ ልጣጩም ከንፈር ይቆርጣል። ለገበያ ሲባል የሚዘራው ጥቂት ነው፤ ለልጅ ተብሎ ብቻ ማሳ ላይ ቦታ የሚሰጠው ሌላ ሰብል አላውቅም።

ይህን ሁሉ የለወጠው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነጻ ወጥታ እዚያ የነበረው እርሻው አደጋ ላይ ሲወድቅ ፊቱን ወደ አዋሽ ዳርቻ አዞረ፤ ፋብሪካውም በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። አገዳውን ከቆረጡት ብዙዎቹ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ወንጂ ላይ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው በልዞ ሲያዩ ሰዎች ስኳሩን ያማሉ፤ ጥፋቱ ግን የጉድጓዱ ውሃ ነበር፣ ፍሎራይድ የበዛበት። ያም ሆኖ በአንድ ትውልድ ውስጥ በጨው ይጠጣ የነበረው ቡና በብዙ ቤት ስኳር ለመደ፤ አራስ ጥየቃና ለቅሶ ቤት የሚያዘውም ስኳርና ቡና ሆነ። ማር የሚፈልገውን ያህል መጠበቅ ስኳር አይፈልግም፤ ሱቅ አለ።

ጣልያን በአምስት ዓመቱ ወረራ የተወው የኬክ ቤት ልማድ የፒያሳ ሰው ነገር ነበር፤ ሚሊፎኒ የተባለው ኬክ በሆቴልና በኬክ ቤት ሲወሰን ቦምቦሊኖና ፓስቲ ግን ወደ ጎዳና ወረዱ። ሐረርና ድሬዳዋ ጣልያንንም አልጠበቁም፤ ሐልዋና ሙሸበክ በባሕር ንግድ ቀድመው ደርሰዋቸዋል።

በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በኩፖን ሆነ። የቤተሰቡ ቁጥር ይታያል፣ ኪሎው ይመዘናል፣ ሰልፉ ከጎህ ይጀምራል። የዚያ ዘመን ልጅ ዳቦ ላይ ከተቀባች የመርቲ ማርማላታ ጣዕም እስካሁን ምንም ኬክ አያስበልጥባትም። ሌላው ፋፋ ነው፦ በንጉሡ ዘመን በስዊድን እገዛ ለሕፃናት የተዘጋጀ፣ ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄትና ስኳር ያለበት ምግብ። ለጨቅላው የተገዛውን ታላላቆቹ በማንኪያ ደረቁን እየቃሙ ያጋመሱት ነበር፤ ሲስቁ በአፍንጫቸው ይወጣል።

ስኳሩ ከደርግ በኋላም ከሸማቾች ማኅበር ሰልፍ ሳይወጣ ብዙ ቆየ፤ ማሩም ዛሬ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው፣ ይባስ ብሎ ገበያ ላይ ስኳር እየተቀላቀለበት ይሸጣል። የአጃውና የተልባው ልክ ደግሞ በእፍኝና በዓይን ስለሆነ በየቤቱ ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። ስለዚህ በቤታችሁ አጥሚት የምታማስል እናት ወይም አክስት ካለች፣ ንጹሕ ማር ከምታውቁት አናቢ ገዝታችሁ ሂዱ፤ ከጎኗ ቆማችሁ ስትሠራ ልኩን መዝኑና ጻፉት።