ከመጋረጃው ጀርባ ስንት ደቂቃ ይበቃል?

ደብተራችሁን ያዙ። የዛሬው ትምህርታችን ታሪክ ነው።

በምርጫ ጣቢያ አንዲት ጠባብ ቦታ አለች። ዙሪያዋ ተከልሏል። መራጩ ወረቀቱን ይዞ ይገባባታል። ረዳት የሚያስፈልገው ካልሆነ በቀር ብቻውን ነው። ሹምም፣ ዘመድም አይከተለውም። ታዲያ እዚያ ውስጥ ስንት ደቂቃ መቆየት ይችላል?

ከማታ ተማሪዎቼ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እኔማ ስገባ አላበኝ። ሰልፈኛው ይቆጣኛል ብዬ ዓይኔ ያረፈበት ላይ አሻራዬን አድርጌ ወጣሁ።» እኚህ እናት ድምፅ ሰጡ እንጂ መረጡ አይባልም።

ወደ ታሪኩ እንሂድ። ዱሮ በእንግሊዝ አገር መራጩ የሚመርጠውን ሰው ስም በአደባባይ ይናገር ነበር። ባለመሬቱ ይሰማል፤ ጭሰኛው ይፈራል። በፈረንጆች 1872 የወጣ ሕግ ይህን አስቀረ። መራጩ ተከልሎ ምልክት እንዲያደርግ፣ ሳይዘገይም እንዲወጣ አዘዘ። ደቂቃ ግን አልቆጠረም።

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት በ1888 ያወጣችው ሕግ ግን ደቂቃ ቆጠረ። መራጩ ከ10 ደቂቃ በላይ እንዳይቆይ ከለከለ። ቦታዎቹ ሁሉ ተይዘው ሌላ ሰው ከጠበቀ ደግሞ 5 ደቂቃ ብቻ ፈቀደ።

ምክንያቱ ተራ ነው። አንዱ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ውጭ ያለው ሳይመርጥ ይመሽበታል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን 5 ደቂቃ ለሁሉም እኩል አይደለም። ማንበብ የለመደ ሰው ወረቀቱን አንዴ አይቶ ይጨርሳል። ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ሰው ግን ገና ሁለተኛው ስም ላይ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያም ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መረጠ። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ማንበብ አይችልም ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው።

ላላነበበ ሰው ምልክት ይረዳል። በ1997ቱ ምርጫ ንቧንና ሁለት ጣቱን ያልለየ ማን ነበር? ይሁን እንጂ ምልክት የእጩውን ስም አይነግርም።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ሰልፉ ረዘመ። ምርጫው ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊዘጋ ነበር። ምርጫ ቦርድ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አራዘመው። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ጊዜ ሲያጥር መራጩን ከማጣደፍ ቀኑን ማርዘም ይሻላል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሰሊጥ ሲዘራም ሲታጨድም ንባባችሁን አትተዉ። የእጩዎቹን ስም አስቀድማችሁ ቤታችሁ አንብቡ። ከመጋረጃው ጀርባ ስትገቡ አትደንግጡ። ሰልፈኛውን አክብሩ፤ ግን ሳታነቡ አትውጡ። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የእናንተ ናቸው።

አሁን እነዚህን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፦ ወረቀት፣ ምልክት፣ ምስጢር፣ ድምፅ።

ደህና ሁኑ!