የቪትዝ ዜና መዋዕል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ኢሉባቦር

እነሆ ቪትዝ የተባለችው ትንሽ መኪና ከጃፓን ተነሥታ ወደ አገራችን የመጣችበትን፣ በኢሉባቦርም እስከ መቱና እስከ ኡካ ሰፈሮች ስሟ የተሰማበትን ዜና እንጽፋለን። ስለ ነገሥታትና ስለ ዘመቻ የተጻፈው ብዙ ነው፤ መምህሩንና ነርሷን፣ ባለሱቁንና የቡና ነጋዴውን ባለመኪና ያደረገችው ግን ዜና ጸሐፊ አላገኘችም።

አስቀድሞ በ1900 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተቀመጡባት። በዚያ ዘመን የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዘመን የቤት መኪና የመንግሥትና የባለጸጋ ሆና ኖረች፤ የቀረው ሕዝብ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ተጓዘ። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ደግሞ በአገሩ ሁሉ የግራው መንገድ ቀርቶ በቀኝ መንዳት ተጀመረ፤ ይህም ነገር ኋላ የቪትዝ መሪ እንዲዛወር ምክንያት ይሆናል።

በ1991 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ጥር፣ ቶዮታ በስታርሌት ምትክ ቪትዝን አወጣ። መልኳን የነደፈው ሶቲሪስ ኮቮስ የተባለ ግሪካዊ ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ61 ሳንቲም፤ የኋላ በሯ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ የሚከፈት፤ ትንሿ ሞተሯ 997 ሲሲ፣ በጎማ ቺንጋ ፈንታ በብረት ካቴና የምትሠራ ነበረች። የፍጥነት ማሳያዋም ከሹፌሩ ፊት ሳይሆን በክሩስኮቱ መካከል ተቀመጠ። አውሮፓውያን ያሪስ ብለው ጠሯት፤ በጃፓንም በአውሮፓም የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸለመች።

በ1995 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ወጣ። አዋጁም መኪናን በሞተሯ መጠን ለየ፤ እስከ 1,300 ሲሲ ለሆነችው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚህም ለምትበልጠው 100 በመቶ ታክስ ቆረጠ። እንግዲህ አንድ ነጥብ ሦስት የሚሏት የቪትዝ ሞተር 1,298 ሲሲ ናት፤ ከወሰኑ 2 ሲሲ ብቻ ዝቅ ብላ በዝቅተኛው ታክስ ውስጥ ገባች። ደመወዝተኛው በዕቁብና በብድር የሰበሰበው ገንዘብ የሚበቃው ለእንዲህ ያለችው ነበርና ሰው ሁሉ ቪትዝን ፈለገ።

ወደ አገራችን ከገቡት ቪትዞች አብዛኞቹ በጃፓን ያገለገሉ ነበሩ፤ ጃፓን በግራ መንገድ ስለምትነዳም መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ እየተዛወረ መጡ፤ የፍጥነት ማሳያው መካከል ላይ መሆኑም ይህን ሥራ አቀለለው።

በ1997 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለተኛይቱ ቪትዝ ወጣች። ትንሿ ሞተሯ ባለሦስት ሲሊንደር ሆነች፤ የዚህችም ሞተር ክብደት 69 ኪሎ ብቻ ነበር። ነዳጅ ቆጣቢነቷ ተመሰከረ፤ መለዋወጫዋ በየገበያው ተገኘ፤ ጋራዥ ያለ ባለሙያ ሁሉ አመሏን ዐወቀ። ኋላም ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድ የተባለውን የታክሲ አገልግሎት መሥርታ ሰው በ8294 ደውሎ መኪና መጥራት ሲጀምር፣ ከተጠሩት መኪኖች ብዙዎቹ ቪትዝና ያሪስ ነበሩ። እንዲህም ሆኖ ትንሿ መኪና ለብዙ ቤት እንጀራ ሆነች።

ወደ ኢሉባቦር የሚወስደው መንገድ ጅማን አልፎ በበደሌ፣ በያዩና በሁሩሙ በኩል መቱ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ጎዳና የቡናው ጌታ የጭነት መኪና፣ የከተማው ጌታ ባጃጅ ነው። ቪትዝ ግን ለቤተሰብ ናት፤ ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል፣ ተማሪ ወደ መቱ ዩኒቨርሲቲ፣ ሙሽራ ወደ ድግሱ ታደርሳለች። ሆዷ ለመሬት የቀረበ ነውና ክረምት በበረታ ጊዜ ከአስፋልት ወጥታ ወደ ቡናው ጫካ በሚገባው ጭቃ አትደፍርም፤ እዚያ ሞተር ብስክሌትና በቅሎ ይተኳታል። ይህም ነውሯ አይደለም፤ የተሠራችው ለተደላደለ መንገድ ነውና፣ ጥርጊያ መንገዱ በተሻለ መጠን እርሷም ወደ ውስጥ ትገባለች።

በ2012 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ የካቲት ሁለት ነገር ሆነ። በጃፓን ቪትዝ የሚለው ስም ቀርቶ መኪናዪቱ በዚያም ያሪስ ተባለች። በአዲስ አበባም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 1186ን አጸደቀ፤ በእርሱም እስከ 1,300 ሲሲ የሆነች አዲስ መኪና ታክሷ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ባገለገለችው ላይ ግን እንደ ዕድሜዋ እጅግ ከበደ። ባለደመወዙ አዲሲቱን መግዣ አልነበረውም፤ አሮጊቷም ተወደደችበት። ቪትዝ ያለው ቪትዙን አጥብቆ ያዘ፤ የሸጠም ከገዛበት በላይ ሸጠ።

በ2016 ዓ.ም.፣ ዳግመኛ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ ጥር፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዘመንም መጣ።

ከዚህ ዜና የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ ቪትዝን ለሕዝብ ያደረሳት የነዳፊዋ ጥበብ ብቻ አይደለም፤ በአዋጅ ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥርም ነው። ሕጉ ለትንሿ ባደላ ጊዜ ትንሹ ሰው ባለመኪና ሆነ። አሁንም ሕግ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ያስቡ፤ የምትመጣው የኤሌክትሪክ መኪና ዋጋዋ መምህሩና ነርሷ የሚደርሱበት ይሁን፤ ባትሪ መሙያ ጣቢያውም በአዲስ አበባ ሳይወሰን በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ ይቁም። ያን ጊዜ የኢሉባቦር ሰው ከዘመኑ ጋር እኩል ይጓዛል።