ከሰርቪስ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም፦ በሐዋሳ ተከራይቶ የመኖር ታሪክ

ባህል አዳራሽ ከሐዋሳ ከተማ ስምንት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። በዚህ ክፍለ ከተማም ሆነ በቀሩት ሰባቱ ተከራይቶ መኖር ከከተማዋ ጋር እኩል የተወለደ ኑሮ ነው። ተከራይ ከሚኖርበት ቤት የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ አቅሙ የሚችለው ኪራይ፣ ሳይባረር የሚኖርበት ጊዜ እና የማያፈስ ጣሪያ። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ሦስቱ በአንድ ቤት የተገናኙበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም።

ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አዳሬ ይባል በነበረው ስፍራ ነው። በምሥረታው ስማቸው የሚነሣው ያኔ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዢ የነበሩት ራስ መንገሻ ስዩም ናቸው። ከቀደምት ሰፋሪዎቿ ብዙዎቹ መሬት የተሰጣቸው ጡረተኛ ወታደሮች ነበሩ። የፍትሐ ብሔር ሕግም የታወጀው በዚያው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ ስለ ቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። ሕጉ የኪራዩን መጠን ለአከራይና ለተከራይ ስምምነት ተወው። የጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ ሲዛወሩ፣ ተከትሏቸው የመጣው የመንግሥት ሠራተኛ ማደሪያ ያገኘው ከእነዚሁ ባለመሬቶች ግቢ ነው።

የሐዋሳ ኪራይ መልክ የተቀረጸው በዚህ ግቢ ውስጥ ነው። ዋናው ቤት ለባለቤቱ ሆኖ፣ ከኋላ ወይም ከጎን አንድ አንድ ክፍል ያላቸው ሰርቪስ ቤቶች ተደርድረው ይሠራሉ። ግድግዳቸው ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው፤ ብሎኬት የተስፋፋው ኋላ ነው። የውሃ ቧንቧው፣ መጸዳጃ ቤቱና የመብራት ቆጣሪው የጋራ ናቸው። ለመጤ ሰው የዚህ ኑሮ ጥቅም ቀላል አልነበረም። ዘመድ በሌለበት ከተማ ሲታመም ውሃ የሚያቀብለው ጎረቤት፣ ቡና ሲፈላ የሚጠራው ሰው፣ ዕድርና ዕቁብ የሚያስገባው ዋስ የሚገኘው ከግቢው ነበር። ከግማሽ መቶ የሚበልጡ ብሔረሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ሰዎቿን ያላመደችው በአብዛኛው በእነዚህ ጠባብ ግቢዎች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጉዳቱም የሚመነጨው ከዚያው መቀራረብ ነው። የውጭው በር የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የእንግዳውን ብዛት፣ የሚታጠበውን ልብስና የሚበራውን አምፖል የሚወስነው አከራዩ ነው። ቆጣሪው አንድ በመሆኑ የመብራት ሂሳብ ማካፈል የዘወትር ቅሬታ ምክንያት ሆኖ ኖሯል። ልጅ ያለው ቤተሰብ ቤት ለማግኘት ይቸገራል፤ ያገኘውም ቢሆን ውሉ የቃል ስለሆነ ባለቤቱ «ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱን ልቀቁልኝ» ባለ ጊዜ የሚያቀርበው ወረቀት የለውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት ከመሠረቱ ለወጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ቤት ማከራየትም የግለሰብ ሥራ እንዳይሆን ተደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ዝቅተኛው ኪራይም ተቀነሰ። የቀበሌ ቤት ያገኘ ሰው ከባለቤት ቁጣና ከድንገተኛ ጭማሪ ዳነ፤ ብዙዎች በዚያው ቤት ልጅ አሳድገው ለልጅ ልጅ ደርሰዋል። ለድሃ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ዋስትና ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልተደገመም። ዋጋው ግን በቤቱ ላይ አረፈ። የሚሰበሰበው ኪራይ ጣሪያ እንኳ ስለማያሳድስ ጭቃው እየተናደ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ሄደ። ቤት የያዘ ስለማይለቅም አዲስ መጪው በር አጣ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ደባልነት ሲፈቀድ ጥቂት ተነፈሰ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የተወረሱት ቤቶች በመንግሥት እጅ ቢቆዩም፣ የግል አከራይ ተመልሶ መጣ። ሐዋሳ የደቡብ ክልል ርእሰ ከተማ ሆና ከየዞኑ ሠራተኛ ሲጎርፍባት፣ ኋላም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስትሆን፣ ሰርቪስ ቤት የጡረተኛና ባል የሌላቸው እናቶች ዋና መተዳደሪያ ሆነ። አከራይ ሁሉ ሀብታም አይደለም፤ በአንድ ክፍል ኪራይ ልጅ ያስተማሩ ብዙ ናቸው።

በ1998 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም ለክልል ከተሞችም ሲደርስ፣ በሐዋሳ ኮንዶሚኒየም ተሠራ። ቤቶቹ ለሽያጭ የታሰቡ ናቸው። ሆኖም ቤቱ በዕጣ ደርሶት ቅድሚያ ክፍያውን እንደ ምንም ከፍሎ የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ቤቱን አከራይቶ ራሱ ርካሽ ሰርቪስ ቤት በመግባት ሆነ። ብሎኮቹ እንዲህ ባለ መንገድ፣ ሳይታቀድ፣ የተከራይ መንደር ሆኑ።

ለተከራዩ ለውጡ ትልቅ ነው። የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ማብሰያ፣ የራሱ ቆጣሪና የራሱ በር አለው፤ በስንት ሰዓት እንደገባ የሚጠይቀው የለም። በሌላ በኩል ሊፍት በሌለበት አራተኛ ፎቅ ጀሪካን መሸከም አለ፤ ውሃው ሲጠፋ ቀድሞ የሚደርቀው ላይኛው ነው። ለዕርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ በየግቢው እንዲሠራ የታቀደው የጋራ ቤት የአገሬውን ኑሮ በትክክል ያሰበ ዕቅድ ነበር፤ በብዙ ስፍራ ግን ለሌላ ሥራ ውሏል፣ የበዓል በግም ደረጃ ሥር ይታረዳል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 ያመጣው ነው። በአዋጁ መሠረት ሕንፃውን የሚያስተዳድረው ማኅበር የባለቤቶች ነው። ደረጃውን የሚወጣው፣ ቆሻሻውን የሚያየው፣ ጥበቃውን የሚፈልገው ተከራይ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለው ባለቤት ደግሞ እዚያ አይኖርም።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጫናውን ወደ አሮጌው ግቢ መለሰው። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በፓርኩ ዙሪያና ከዚያም ርቀው በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው ተከራዩ፤ ደመወዛቸው ለብቻ ቤት አያስይዝም ነበር። ባለይዞታዎችም በጓሯቸው ክፍል ቀጣጠሉ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አሜሪካ ለኢትዮጵያ ትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስታቋርጥና ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲቀንሱ፣ የከሰረው ሥራ ያጣችው ተከራይ ብቻ ሳትሆን ክፍሉ ባዶ የቀረበት አከራይም ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ለቃል ውል ተከራይ ይህ ከ1967ቱ ወዲህ የመጀመሪያው ሰፊ የሕግ ከለላ ነው፤ የአሁኑ ግን ቤቱን ከባለቤቱ አይወስድም። አዋጁ በየክልሉ በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የመወሰኑን ሥልጣን ለክልሎች የሰጠ በመሆኑ፣ የሐዋሳን ጉዳይ የሚወስነው ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከተማዋን የሚያስተዳድረው የሲዳማ ክልል ነው።