ቅጂው ከየት ተቀዳ? የፓኬት ንባብና የድርጅት ኔትወርክ መሣሪያዎች

በኔትወርክ ሙያ የፓኬት ቅጂ የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ ይቆጠራል። አንዱ ክፍል «ችግሩ ሰርቨሩ ነው»፣ ሌላው «ኔትወርኩ ነው» ሲል የፓኬት ማንበቢያው ፕሮግራም ዋየርሻርክ ይከፈትና ክርክሩ ይዘጋል። እኔ ግን ክርክሩ ቶሎ ይዘጋል ባይ ነኝ። ቅጂ በአንድ ቦታ፣ በአንድ መሣሪያ በኩል የታየው እንጂ በኬብሉ ያለፈው ሁሉ አይደለም። የመሣሪያውን ጠባይ ያላወቀ አንባቢ ባይቶቹን አንድ በአንድ ፈትቶም ሊሳሳት ይችላል።

መረጃ ያልተሸከመ፣ ተጨማሪ አማራጭ የሌለው አንድ የቲሲፒ ማረጋገጫ ፓኬት እንውሰድ። የመጀመሪያዎቹ 14 ባይቶች የኢተርኔት ራስጌ ናቸው፤ 6ቱ የተቀባይ፣ 6ቱ የላኪ አድራሻ ሲሆኑ፣ የቀሩት ሁለቱ «08 00» ከሆኑ ተከታዩ አይፒ ነው። ቀጥሎ «45» ይመጣል። 4 የአይፒው ሥሪት ነው፤ 5 ደግሞ የራስጌው ርዝመት በአራት አራት ባይት ሲቆጠር፣ ማለትም 20 ባይት። የፓኬቱን ጠቅላላ ርዝመት የሚናገረው «00 28» በአሥር መደብ 40 ስለሆነ፣ ከአይፒ ራስጌው ሌላ የቀረው 20 ባይት የቲሲፒ ራስጌ ብቻ ነው። እስከዚህ ያለውን ማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ያስተምራል። ድምሩ ግን 54 ባይት ነው፤ የኢተርኔት ፍሬም ደግሞ ከ64 ባይት አያንስም። የሲአርሲ መፈተሻው 4 ባይት አብዛኛውን ጊዜ ቅጂ ውስጥ ስለማይገባ 60 ማየት ነበረብን። 54 ካየን ቅጂው የተወሰደው በላኪው ማሽን ውስጥ ነው፤ የኔትወርክ ካርዱ የጎደለውን 6 ባይት ሳይሞላ በፊት ማለት ነው። ርዝመቱ ብቻውን ቀጂው የት እንደነበረ አጋለጠ።

ትልልቅ ፓኬቶች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይታያል። የዛሬ ካርዶች የቲሲፒን መረጃ የመቆራረጥ ሥራ ከስርዓተ ክወናው ስለተረከቡ፣ በላኪው ማሽን የተወሰደ ቅጂ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ «ፓኬት» ያሳያል። ኬብሉ ላይ እንዲህ ያለ ፓኬት አልነበረም፤ የወጡት እያንዳንዳቸው ከ1,500 ባይት የማይበልጡ ቁርጥራጮች ናቸው። ይህን ሳያውቁ የስዊቹን የፍሬም መጠን ቅንብር ሲነካኩ የሚውሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

ታዲያ ከስዊቹ መቅዳት አይሻልም? ይሻላል፣ ግን ያም የራሱ ጣጣ አለው። የአንድ ጊጋቢት ፖርት በሁለቱም አቅጣጫ ሲሞላ ሁለት ጊጋቢት ነው፤ ይህን በአንድ ጊጋቢት የመገልበጫ ፖርት ማስወጣት አይቻልም። ትርፉ ይጣላል፤ ቅጂው ላይም የተጣለ ነገር እንዳለ የሚናገር ምልክት የለም። መጣሉ የሚታወቀው በአመክንዮ ነው። ተቀባዩ ደርሶኛል ያለውን ባይት ቅጂው ካላሳየ፣ ኔትወርኩ አድርሶታል፤ ያመለጠው ቀጂው ነው። ቨርን ፓክሰን በ1997 ባሳተመው ጥናት የቲሲፒ ባህርይን ከቅጂ ከመመርመሩ በፊት የቀጂውን ጉድለት፣ ማለትም ያመለጡ፣ የተደገሙና ቅደም ተከተላቸው የተዛባ ፓኬቶችን፣ መለየት እንደሚያስፈልግ ያሳየው በዚህ ዓይነት አመክንዮ ነበር። ያኔ የመቅጃ ፕሮግራሙ ቲሲፒደምፕ በሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ ከተሠራ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር።

ከሁሉም በላይ አሳሳች የሆነው ግን የቼክሰም፣ ማለትም በቲሲፒ ራስጌ ውስጥ ያለው የመፈተሻ ድምር፣ ነገር ነው። በ2000 ጆናታን ስቶንና ክሬግ ፓርትሪጅ ያሳተሙት ጥናት ከ1,100 እስከ 32,000 ፓኬት ውስጥ አንዱ በቲሲፒ ቼክሰም እንደሚወድቅ ከቅጂዎች አሳየ። ይህ የታየው የሲአርሲ መፈተሻ ከ4 ቢሊዮን ስሕተት ከአንዱ በቀር ሁሉንም መያዝ በሚገባው መስመር ላይ ጭምር ነው። እንዴት? ሲአርሲ የሚጠብቀው ኬብሉን ብቻ ነው። በየጣቢያው ፖስታውን ከፍተው አዲስ ማኅተም እንደሚያትሙበት ሁሉ፣ ራውተሩ ፍሬሙን ተቀብሎ ከፈተሸ በኋላ ሲያስተላልፈው አዲስ ሲአርሲ ይሰጠዋል። ባይቱ በራውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ከተበላሸ፣ የተበላሸው ትክክለኛ መፈተሻ ይዞ ይወጣል። አጥኚዎቹ የተበላሸውን ፓኬት ዳግም ከተላከው ጤነኛ መንትያው ጋር ባይት በባይት እያስተያዩ የጉዳቱን ዓይነት ለዩ፤ ከምንጮቹ መካከል የራውተር ማህደረ ትውስታ፣ የማሽኖች ሃርድዌርና ሶፍትዌር ይገኙበታል።

ዛሬ በላኪው ማሽን የተወሰደ ቅጂ ላይ ቼክሰሙ ቢፈተሽ የወጪ ፓኬቶች በሙሉ ስሕተት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ፤ ምንም የተበላሸ ነገር ግን የለም። ስሌቱን የሚሠራው ካርዱ ስለሆነ ቀጂው ያየው ገና ያልተሞላ ቦታ ነው። ዋየርሻርክ የቲሲፒ ቼክሰም ፍተሻን ሳይታዘዝ የማያካሂደውም ለዚህ ነው። ውሳኔው ለብዙሃኑ ይመቻል፤ ስቶንና ፓርትሪጅ የፈለጉትን ዓይነት ጉዳት ግን አብሮ ይሸፍናል። በስርዓተ ክወናውና በካርዱ መካከል የተበላሸ ባይትም ካርዱ በተበላሸው ላይ ስለሚያሰላ ትክክለኛ ቼክሰም ይዞ ይወጣል።

ከቼክሰም ያመለጠውን አሁን የቲኤልኤስ ምስጠራ ይይዘዋል። ባይቱ ከተለወጠ የቲኤልኤስ ማረጋገጫ ይከሽፍና ግንኙነቱ ይቋረጣል። ቲሲፒ በበኩሉ ፓኬቱ በደህና ደርሷል ብሎ ስላመነ ዳግም አይልከውም፤ ስለዚህ የሚያስተያዩት መንትያ አይገኝም። የተጠረጠረውን ራውተር ለመመርመር የሚቀረው ከፊቱና ከኋላው በሁለት ታፕ፣ ማለትም ኬብሉ ላይ በሚገቡ መቅጃ መሣሪያዎች፣ በአንድ ጊዜ መቅዳት ነው። ከዚያም በአይፒ መለያ ቁጥርና በቲሲፒ ተራ ቁጥር ጥንዶቹን አዛምዶ፣ በመንገድ ላይ መለወጥ የሚገባቸውን ራስጌዎች ትቶ፣ የቀረውን ማነጻጸር።