በክፉ ዘመን ቤት ስለ መግዛትና ስለ መጠገን

ቤት የሌለው ሰው ቤት ይመኛል፤ ቤት ያለውም ሰው እንዳያጣው ይፈራል። ዘመን ደኅና ሲሆን ምኞቱ ያይላል፤ ዘመን ሲከፋ ፍርሃቱ ያሸንፋል። ይሁን እንጂ በክፉ ዘመን የቤት ዋጋ ስለሚወርድ፣ ጥቂት ገንዘብ በእጁ የቀረው ሰው «የምገዛበት ጊዜ አሁን ነው» ብሎ ይነሣል። አሳቡ ሞኝነት ነው አንልም። ነገር ግን ዋጋው የረከሰ ቤት ሁሉ በረከት ነውን? ቤቱንስ ከገዙት በኋላ የሚያጸናው ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ በግምት ከምንመልሰው በታሪክ ብንመረምረው ይሻላል። ስለዚህ በአሜሪካ አገር በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የሆነውን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድቀቱ በፊት፣ በ1920ዎቹ ዓመታት፣ በአሜሪካ ከተሞች ሥራ ሞልቶ ነበር። ፋብሪካው ይሠራል፣ ደመወዝ ይከፈላል፣ በየከተማው ዳርቻ አዲስ ቤት ይነሣል። ቤት ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በብድር ነበር። የብዙዎቹ ብድሮች ውል ግን ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነው። አበዳሪው ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ያህሉን ያበድራል፤ ጊዜውም ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ባለዕዳው በነዚህ ዓመታት ወለዱን ብቻ ይከፍላል፤ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ይቆይና በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው 5,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ገዛ እንበል። 2,500 ዶላሩን ከቁጠባው ከፈለ፤ የቀረውን 2,500 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ተበደረ። በየዓመቱ 150 ዶላር ወለድ ይከፍላል። አምስቱ ዓመት ሲያልቅ 750 ዶላር ከፍሏል፤ ዕዳው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን 2,500 ዶላር ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ቀን ከወዴት ይመጣል? ሰዎቹ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበራቸው። «ቀኑ ሲደርስ ውሉ ይታደሳል፤ ባይታደስም ከሌላ ባንክ ተበድረን እንከፍላለን» ይሉ ነበር። በደግ ዘመንም እንዳሉት ይሆንላቸው ነበር።

በጥቅምት ወር 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ከ1930 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት 9,000 ያህል ባንኮች ተዘጉ። በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀመጠ። ውሉን ያድሳል የተባለው ባንክ በሩን ዘጋ፤ ያልተዘጋውም ባንክ የራሱን ገንዘብ ለመሰብሰብ ቸኰለ። የቤቱ ዋጋ ስለ ወደቀ ሸጦ ዕዳን መክፈል እንኳ አልተቻለም። በ1933 በመላው አገር በየቀኑ 1,000 ያህል ቤቶች በመያዣ ዕዳ ምክንያት ከባለቤቶቻቸው እጅ ይወጡ ነበር።

እዚህ ላይ ወጣቶች ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ቤታቸውን ካጡት ሰዎች ብዙዎቹ ሰነፎች ወይም አባካኞች አልነበሩም። የቤታቸውን ግማሽ ዋጋ ከላባቸው ቆጥበው የከፈሉ ሰዎች ናቸው። ስሕተታቸው፣ ስሕተት ከተባለ፣ በራሳቸው ኀይል በማይወጡት ቀን ላይ መፈረማቸው ነው። ውላቸው የቆመው ነገም እንደ ዛሬ ይሆናል በሚል ተስፋ ላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ ሐራጅ የዕለት ነገር ሆነ። ገንዘብ ያለው ሰው በሐራጁ ቦታ ቆሞ የሌላውን ንብረት በርካሽ ይገዛ ነበር። በርካሽ የተገዛውን ነገር ሲያዩ ከበስተ ኋላው ያለውን ሰው መርሳት ቀላል ነው። የአዮዋና የነብራስካ ገበሬዎች ግን ሊረሱት አልፈቀዱም። የአንድ ገበሬ ከብትና የእርሻ መሣሪያ፣ አንዳንድ ጊዜም መሬቱ፣ ለሐራጅ ሲቀርብ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ይመጡና ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይጫረቱ ነበር። ሌላ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ሊጠራ ሲቃጣ በቍጣ እያዩ ዝም ያሰኙታል፤ ንብረቱንም በሳንቲም ገዝተው ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ስለዚህ «የሳንቲም ሐራጅ» ተባለ። ይሁን እንጂ ቍጣው በዚህ አልተወሰነም። በሚያዝያ 1933 በአዮዋ በለማርስ ከተማ የተሰበሰቡ ገበሬዎች አንድ ዳኛ ከችሎቱ ጐትተው አውጥተው በገመድ እንሰቅልሃለን ብለው አስፈራሩት። ለጎረቤት መቆማቸውን እናደንቃለን፤ ዳኛ መጐተታቸውን ግን አናመሰግንም፤ በደልን በበደል መመለስ ነውና።

ሌላ መንገድ እንደ ነበረ በሚኒሶታ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ ይኖሩ የነበሩ የአንድ ባልና ሚስት ነገር ያስረዳናል። ስማቸው በፍርድ ቤት መዝገብ ተጽፏል፤ እኛን የሚጠቅመን ግን ያደረጉት ነው። ቤታቸው 14 ክፍሎች ነበሩት። እነርሱ በ3ቱ ክፍሎች ተጠግተው የቀሩትን ለተከራይ አቅርበው ነበር። በቤቱ መያዣነት የተበደሩትን ገንዘብ መክፈል ስላቃታቸው በ1932 ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ፤ አበዳሪው ማኅበር ራሱ በ3,700 ዶላር ገዛው። ሕጉ ዕዳቸውን ከፍለው ቤታቸውን እንዲያስመልሱ የሰጣቸው ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሲመረምር ቤቱ በዚያ ክፉ ዘመን እንኳ 6,000 ዶላር የሚያወጣ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም የሚያበድራቸው አላገኙም፤ ዓመቱም እያለቀ ሄደ።

ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በሚያዝያ 1933፣ የሚኒሶታ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ዕዳን አልሰረዘም። ዳኛው ነገሩን መርምሮ ፍትሕ መስሎ ሲታየው የማስመለሻውን ጊዜ እንዲያራዝም ብቻ ሥልጣን ሰጠው። ዳኛውም የባልና ሚስቱን ጊዜ እስከ 1935 አራዘመ፤ በምትኩ በየወሩ 40 ዶላር እንዲከፍሉ አዘዘ። ይህ ገንዘብ የቤቱ ተገቢ ኪራይ ተብሎ የተገመተ ሲሆን ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለወለድና ለዋናው ዕዳ የሚውል ነበር።

አበዳሪው ማኅበር «ውሌ ፈረሰብኝ» ብሎ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። በ1934 መጀመሪያ ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ሕጉን አጸኑ፤ አራቱ ተቃወሙ። የፍርድ ቤቱ የበላይ ዳኛ ቻርልስ ኢቫንስ ህዩዝ የጻፈው ፍርድ፣ ጊዜያዊና ልክ ያለው ማራዘም ውሉን እንደማያፈርስ የሚያስረዳ ነበር። የተቃወሙትም ዳኞች ከንቱ ነገር አልተናገሩም፤ ውል በክፉ ቀን ካልጠበቀ መቼ ይጠብቃል ማለታቸው ነው። አበዳሪም የሰው ገንዘብ ይዞ የሚሠራ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ነገር ግን ባለዕዳው በየወሩ እየከፈለ ጊዜ ቢሰጠው አበዳሪውም ገንዘቡን ያገኛል፤ ቤተሰቡም ከነልጆቹ በመንገድ አይወድቅም። ሕጉ ለባልና ሚስቱ ጊዜ ሰጣቸው። ከዚያ በፊት ግን እነርሱ በገዛ ቤታቸው በሦስት ክፍል ጠበው ማደርን መርጠው ነበር።

ይኸው የጊዜ ነገር በዚያው ዓመት ለመላው አገር ሆነ። በሰኔ 1933 በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት መንግሥት «የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን» ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ያለፈበትን የአጭር ጊዜ ዕዳ ከአበዳሪዎች እየገዛ በ15 ዓመት በሚከፈል በ5 በመቶ ወለድ ለወጠው። በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ወለዱንም ዋናውንም በአንድነት የሚቀንስ ነበር። ቅድም በምሳሌ ያነሣነው 2,500 ዶላር በዚህ ውል ሲሰላ በየወሩ ከ20 ዶላር ጥቂት ያነሰ ይሆናል፤ በ15ኛው ዓመት መጨረሻም ምንም ዕዳ አይቀርም። ይህን ሒሳብ በደብተራችሁ ጻፉና መርምሩት። ዕዳው ያው ነው፤ የተለወጠው የሚከፈልበት መንገድ ነው፤ አንደኛው ሰውን ከቤቱ ያወጣዋል፣ ሁለተኛው በቤቱ ያኖረዋል።

ድርጅቱ እስከ 1936 ድረስ 1 ሚሊዮን ለሚያህሉ ቤቶች 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል አበደረ። ከነዚህ ባለዕዳዎች 200,000 የሚሆኑት አዲሱንም ውል መፈጸም ስላልቻሉ ቤታቸው በድርጅቱ እጅ ገባ። ሁሉ ዳነ ብለን እንዳንጽፍ ይህን መናገር አለብን። ድርጅቱም የወሰዳቸውን ቤቶች እንደ ነበሩ በገበያ ላይ አላፈሰሳቸውም፤ ጣራቸውን እየጠገነ፣ ቀለም እየቀባ፣ እያከራየም ቈይቶ ቀስ በቀስ ለአዲስ ገዢዎች ሸጣቸው። በ1951 ሥራውን ሲዘጋ ሒሳቡ በጥቂት ትርፍ ተፈጸመ።

ስለ ጥገና ይህን ካነሣን የ1934ን ሕግ ማስታወስ ይገባል። በዚያ ዓመት በሰኔ የቤት ሕግ ወጥቶ «የፌዴራል የቤት አስተዳደር» ተቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት ራሱ አያበድርም፤ ባንኩ ቢከስር እኔ እክሳለሁ ብሎ ዋስ ይሆናል እንጂ። ከሥራውም አንዱ ቤታቸውን ለሚያድሱ ሰዎች እስከ 2,000 ዶላር ለሚሰጥ ብድር ዋስ መሆን ነበር። ዓላማው ሁለት ነበር፤ አንደኛው በችግር ምክንያት ሳይጠገን የቆየው ቤት እንዳይበላሽ፣ ሁለተኛውም ሥራ ያጣው አናጢ፣ ግንበኛና ቀለም ቀቢ እንጀራ እንዲያገኝ ነው። በክፉ ዘመን ቤቱን የሚጠግን ሰው ለጎረቤቱም ሥራ ይሰጣል።

የጥገና ሥርዐት ግን አለው። አስቀድሞ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ጣራው እያፈሰሰ ግድግዳ መቀባት ቀለሙን ለዝናብ መገበር ነውና። ቀጥሎ ግድግዳውንና መሠረቱን የሚያዳክመውን እርጥበት ማስወገድ፣ ከዚያ በሩንና መስኮቱን ማጥበቅ፣ ጌጥን በመጨረሻ ማድረግ ይገባል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራል፤ እንግዳ በሚያየው ይጀምርና ገንዘቡን ጨርሶ ዝናብ በሚያየው ላይ ሲደርስ ይበደራል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ካመሰገንን በኋላ ነውሩን መሸፈን አይገባንም። ያ ዋስ የሆነ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ባወጣው መመሪያ ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎ የሚኖርበትን ሰፈር ለብድር የሚያሰጋ አድርጎ ይቈጥር ነበር። የብድር ኮርፖሬሽኑም የከተሞችን ካርታ ሲያዘጋጅ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ብዙ ሰፈሮች የመጨረሻ ደረጃ ሰጥቶ በቀይ ቀለም አመልክቷቸዋል። ከዚህም የተነሣ በሥራውና በቁጠባው ከነጭ ጎረቤቱ የማያንስ ጥቁር ሠራተኛ የረጅም ጊዜ ብድር ተከለከለ። እንዲህ ያለውን መድልዎ የሚከለክል የፌዴራል የቤት ሕግ የወጣው በ1968 ነው። በዚህ መካከል አንድ ትውልድ አልፏል። ቤት እንዳይገዛ የተከለከለ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ቤት አልነበረውም፤ ልጁም ኑሮን የጀመረው ከባዶ ነው። ጊዜና ዋስ ለአንዱ ተሰጥቶ ለሌላው ሲነፈግ በደሉ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ሰው ግን ቶሎ ይረሳል። በዚያው አገር ከ2007 ጀምሮ ብዙ ቤቶች እንደገና ለሐራጅ ቀርበዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ በኋላ በሚያሻቅብ ወለድ፣ ብዙ ጊዜም ከገዢው ኪስ ምንም ሳይወጣ፣ የተሰጠው ብድር ነበር። ገዢዎቹ «ወለዱ ሳይጨምር ውሉን እናድሳለን» ብለው ነበር፤ ይህም የ1920ዎቹ ሰዎች የተናገሩት ቃል ነው። በአገራችንም በ20/80 መርሐ ግብር የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ቤተሰቦች 20 በመቶውን ከፍለው የቀረውን በባንክ ብድር ተዋውለዋል፤ ቤቱንም ሳያልቅ ተረክበው ወለሉንና ቀለሙን በራሳቸው ወጪ ጨርሰዋል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ ቤት ለመግዛት ስትነሡ ዋጋው ምን ያህል ወረደ ከማለት አስቀድማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። በየወሩ የምከፍለው ደመወዜ ቢቀንስ እንኳ የምችለው ነውን? በውሉ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ዕዳ ተሸሽጎ አለን? ቤቱን ለመጠገኛ የሚሆን ገንዘብና ጉልበት ቀርቶልኛልን? ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን እንዲቈጥር በወንጌል ተመክሯል፤ ከቈጠራችሁ በኋላ የማይበቃ ሆኖ ከተገኘ መተው ኀፍረት የለበትም። የምትገዙትም ቤት ከችግረኛ እጅ የወጣ ከሆነ ተገቢውን ዋጋ ስጡት፤ ችግሩን አትጫረቱበት። ከገዛችሁም በኋላ ክረምት ሳይገባ ጣራችሁን እዩ።